የአስኳሉ ገበርና የጉበት ካንሰር፦ ላሚን ኤ በእርግጥ ኦንኮጂን ነውን?

በማይክሮስኮፕ ካንሰርን የሚለይ የፓቶሎጂ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚያሳርፈው በሕዋሱ አስኳል (ኒውክለስ) ላይ ነው። አስኳሉ ከልኩ በላይ ገዝፎ እንደሆነ፣ ጠርዙ ተሸብሽቦ ወይም ተሰርጉዶ እንደሆነ፣ ቀለም አብዝቶ ጠጥቶ እንደሆነ፣ ከአጠገቡ ካሉት ጋር በመጠን ተለያይቶ እንደሆነ ይመረምራል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከጉበት እብጠት በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙናም የሚነበበው በዚሁ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ይህ የመልክ መዛባት ለካንሰሩ ምክንያት ይሁን ውጤት፣ ወይም ከሁለቱም ሳይሆን አብሮ የሚጓዝ ጥላ፣ ማይክሮስኮፑ ብቻውን ሊመልሰው ያልቻለ ጥያቄ ሆኖ ኖሯል። ጥያቄው በሞለኪውል ደረጃ ሊነሣ የቻለው የአስኳሉን ቅርጽ የሚሸከሙት ጂኖች ተለይተው ከታወቁ ወዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በጆርናል ኦቭ ሴሉላር ኤንድ ሞሌኪዩላር ሜዲስን የታተመ አንድ የምርምር ጽሑፍ ከእነዚህ ጂኖች አንዱ የሆነው ኤል.ኤም.ኤን.ኤ. በዋናው የጉበት ካንሰር፣ ማለትም በሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ፣ የሕዋሳትን መራባትና መንቀሳቀስ በመቆጣጠር እንደ ኦንኮጂን ያገለግላል ሲል በርእሱ ላይ አስታውቋል። ክርክሩ በሁለት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው፣ የጂኑ መጠን በካንሰሩ ሥጋ ውስጥ ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው፣ በቤተ ሙከራ የሚራቡ የጉበት ካንሰር ሕዋሳት ጂኑ ሲወገድባቸው እድገታቸውና እንቅስቃሴያቸው መቀነሱ ነው። ሁለቱም ምልከታዎች ክብደት አላቸው፤ ጥያቄውም ሊጠየቅ የሚገባው ነበር። ሆኖም «ኦንኮጂን» የሚለው ስያሜ ከሁለቱ ምልከታዎች ድምር የበለጠ ነገር ይናገራል። አንድ ጂን ይህ ስም ሲሰጠው ካንሰሩን የሚነዳ ኃይል ነው፣ ስለዚህም በመድኃኒት ሊመታ የሚገባው ዒላማ ነው ወደሚል ድምዳሜ ይወስዳል። የጤና ባለሙያው ይህን ድምዳሜ ከመቀበሉ በፊት ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ማንኳኳት ይኖርበታል።

ላሚኖች በአስኳሉ ውስጠኛ ሽፋን ሥር እንደ ልብስ ገበር ተነጥፈው የሚገኙ ክር መሰል ፕሮቲኖች ናቸው። ላሚን ኤ እና ላሚን ሲ ከአንዱ ጂን ከኤል.ኤም.ኤን.ኤ. ይመነጫሉ፤ ላሚን ቢ1 እና ላሚን ቢ2 ግን የየራሳቸው ጂን አላቸው። ገበሩ ለአስኳሉ ጥንካሬ ከመስጠቱም በላይ የዘረመሉን ጥቅል ከጠርዙ ጋር አያይዞ ስለሚይዝ፣ የትኞቹ ጂኖች ዝም እንደሚሉና የትኞቹ እንደሚናገሩ በመወሰን ረገድ ድርሻ አለው። የጂኑን ስፋት ለመረዳት በውርስ ሲበላሽ የሚያስከትላቸውን ሕመሞች ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከኤመሪ ድራይፈስ የጡንቻ መመንመን ጋር፣ በ2000 ደኒጋን ከተባለው ከፊል የስብ መጥፋት ጋር፣ በ2003 ደግሞ ሕፃናትን ያለ ዕድሜያቸው ከሚያስረጀው ፕሮጄሪያ ጋር መተሳሰሩ ታውቋል። አንድ ጂን ጡንቻን፣ ስብንና የደም ሥርን እንዲህ በተለያየ መንገድ ሲጎዳ፣ በካንሰርም ውስጥ ሥራው በአንድ ቃል ይጠቃለላል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። የደኒጋን ሕሙማን በአብዛኛው በስብ የተሞላ ጉበት እንደሚይዛቸው ደግሞ እዚህ ላይ ሊመዘገብ ይገባል፤ ኋላ ይፈለጋል።

ወደ መጀመሪያው ምሰሶ ስንመለስ፣ በካንሰሩ ሥጋ ውስጥ የጂኑ መጠን ከፍ ያለው ለምንድን ነው? ኤል.ኤም.ኤን.ኤ. የሚገኘው በክሮሞሶም 1 ረጅም ክንድ ላይ ነው። በሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ ከሚታዩት የክሮሞሶም ለውጦች መካከል የዚህ ክንድ ተጨማሪ ቅጂ ማግኘት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሲሆን ከግማሽ በላይ በሆኑ ዕጢዎች ይገኛል። ክንዱ ሲባዛ በላዩ የተሰደሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች አብረው ይባዛሉ፤ ብዙዎቹም ምርታቸው ከፍ ይላል። ከእነዚህ ውስጥ ካንሰሩን የሚጠቅሙት ጥቂቶች ሲሆኑ የቀሩት እግረ መንገዳቸውን የተጫኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በዚሁ ክንድ ላይ የሚገኝ ሲ.ኤች.ዲ.1.ኤል. የተባለ ሌላ ጂን የጉበት ካንሰር ነጂ ነው ተብሎ ቀርቧል። እንግዲህ የላሚን ኤ መጨመር የራሱ ታሪክ ይሁን የጎረቤቶቹ ታሪክ ለመለየት፣ ክንዱ የተባዛባቸውንና ያልተባዛባቸውን ዕጢዎች ለያይቶ ማየት ግድ ይላል። ያ ካልተደረገ፣ ጎርፍ ካመጣው ግንድ ሁሉ አንዱን መርጦ ጎርፉን ያስነሣው ይህ ነው እንደ ማለት ይሆናል።

ተጨማሪ አስረጅ ከሚውቴሽን በኩል ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሴል በተባለው መጽሔት የወጣውና 363 የሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ ሕሙማንን የመረመረው ሰፊ የዘረመል ጥናት በተደጋጋሚ የተበላሹ ጂኖችን ሲዘረዝር የቴርትን መቆጣጠሪያ፣ ፒ53ንና ቤታ ካቴኒንን ከፊት አሰልፏል። ኤል.ኤም.ኤን.ኤ. ከዋነኞቹ ተርታ የለም። ይህ ብቻውን ጂኑን ነጻ አያወጣውም፤ ያለ ሚውቴሽን በብዛቱ ብቻ የሚጎዳ ጂን አለና። ነገር ግን «ኦንኮጂን» የሚለውን ስም ለመስጠት ከሚቀርቡት ማስረጃዎች ጠንካራው ጎድሏል ማለት ነው።

ሁለተኛ አማራጭ ማብራሪያም አለ፤ ለጉበት ሐኪም ይህኛው ይበልጥ ሊያሳስበው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት የላሚን ኤ መጠን ከሥጋው ጥንካሬ ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳይቷል፤ ለስላሳ በሆነው አንጎል ዝቅ ይላል፣ በጡንቻና በአጥንት ከፍ ይላል። ሕዋሱ የሚኖርበት ሥፍራ ሲጠነክር ገበሩን ያደነድናል። ጤናማ ጉበት ለስላሳ አካል ነው፤ በኢላስቶግራፊ ሲለካ ብዙውን ጊዜ 5 ኪሎፓስካል አካባቢ ይሆናል። ሲሮሲስ የያዘው ጉበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ኪሎፓስካል ይበልጣል። የጉበት ካንሰር ደግሞ በአመዛኙ የሚበቅለው በጠባሳ በተሞላ ጉበት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለው ላሚን ኤ የካንሰሩ ነጂ ሳይሆን ሕዋሱ ለተቀመጠበት ድንጋያማ መሬት የሰጠው ምላሽ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ የሚነጻጸረው ከዕጢው አጠገብ የተወሰደ ሥጋ ከሆነና እርሱም በጠባሳ የተያዘ ከሆነ የጥንካሬው ልዩነት ይጠባል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀሰቅሳል። ዕጢው ተፈጭቶ በጅምላ ሲለካ የካንሰሩ ሕዋስ፣ የጠባሳ ሠሪው ሕዋስና የደም ሥር ግድግዳ ሕዋስ ምርት በአንድነት ይደባለቃል። ጠባሳ ሠሪዎቹ በተፈጥሯቸው ብዙ ላሚን ኤ የሚሸከሙ ስለሆኑ፣ በዕጢው ውስጥ ቁጥራቸው ሲበዛ ጅምላው ልኬት ከፍ ይላል፤ የካንሰሩ ሕዋስ ግን ምንም ላይለወጥ ይችላል።

ሁለተኛው ምሰሶ የቤተ ሙከራው ነው። በዚህ መስክ ጂኑን ማስወገድ ክሪስፐር በተባለው ዘዴ ቀላል ሆኗል፤ ከባዱ ከውጤቱ ትርጉም ማውጣት ነው። የአስኳሉን ገበር ከሕዋስ መንጠቅ ቤትን ምሰሶውን እንደ መንቀል ስለሆነ፣ ሕዋሱ እድገቱን ቢያዘገይ አያስደንቅም። መዘግየቱ የካንሰር ባሕርዩ መገታቱን ይመስክር ወይስ በጠቅላላው መጎዳቱን፣ በጤናማ የጉበት ሕዋስ ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ሳይደረግ መለየት አይቻልም። የተወገደው ጂን ሲመለስለት ሕዋሱ ወደ ቀድሞው መመለሱም መታየት አለበት።

በየትኛው ሕዋስ ላይ እንደተሠራም መጠየቅ ያስፈልጋል። በጉበት ካንሰር ምርምር በብዛት የሚያገለግሉት ሦስቱ የሕዋስ ዘሮች በታሪካቸው እጅግ ይለያያሉ። ሁህ-7 እ.ኤ.አ. በ1982 ከአንድ የ57 ዓመት ጃፓናዊ የተገኘ ሲሆን የተበላሸ ፒ53 ይዟል። ሄፕ 3ቢ ከአንድ የ8 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ልጅ የተወሰደ ነው፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ዘረመል በውስጡ ተሰክቶ ይገኛል፣ ፒ53 ደግሞ ጭራሽ የለውም። ሄፕ ጂ2 ከአንድ የ15 ዓመት አርጀንቲናዊ የተገኘ ሲሆን ፒ53ው ጤናማ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ ተብሎ ሲጠራ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት መነሻው የሕፃናት ሄፓቶብላስቶማ መሆኑን አመልክቷል። ገበሩ ሲጎድል ዘረመሉ ይጎዳል፤ ለዘረመል ጉዳት የሚሰጠው ምላሽ ደግሞ በፒ53 መኖርና አለመኖር ይወሰናል። እንግዲህ በአንዱ ዘር ላይ የታየው በሌላው ላይ እንደሚደገም ዋስትና የለም። ከዚህም የከፋ ጉድ አለ፤ በቻይና ቤተ ሙከራዎች እንደ ጉበት ሕዋስ ሲሠራባቸው የኖሩት ኤል-02፣ ቤል-7402 እና ኤስ.ኤም.ኤም.ሲ.-7721 ተመርምረው የሂላ ሕዋስ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1951 ከማኅፀን በር ካንሰር የተወሰደው ዘር፣ ሆነው ተገኝተዋል። በእነዚህ ላይ የተመሠረቱ የጉበት ካንሰር ጽሑፎች ጥቂቶች አይደሉም። አንባቢው የሕዋሱን ስም ሳያይ የጽሑፉን መደምደሚያ ባያነብ ይመረጣል።

ሕዋሳቱ የሚራቡበት ሰሃን ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የቤተ ሙከራው ፕላስቲክ ከጤናማ ጉበት በመቶ ሺዎች እጥፍ ይጠነክራል። ላሚን ኤ ጥንካሬን የሚከተል ፕሮቲን መሆኑ ከታወቀ፣ በፕላስቲክ ላይ የሚኖር ሕዋስ ገበሩን አስቀድሞ አደንድኗል ማለት ነው። ከዚህ ሁኔታ ተነሥቶ ጂኑ በሰው ጉበት ውስጥ ስላለው ሚና መናገር ትልቅ ዝላይ ነው።

ስለ ሥርጭት የቀረበው ክርክር ለብቻው መታየት አለበት፤ የላሚን ታሪክ ከሁሉ የሚያጓጓው እዚህ ላይ ነውና። ከሕዋስ አካላት ሁሉ ትልቁና ግትሩ አስኳሉ ነው። ካንሰሩ ከመነሻው ወጥቶ በጉበቱ ውስጥ ወዳለው የፖርታል ደም ሥር ሲገባ፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ሲሻገር፣ ሕዋሱ ከራሱ አስኳል በሚጠብቡ ቀዳዳዎች መሾለክ አለበት። ሌላው የሕዋስ ክፍል እንደ ሊጥ ይለጠጣል፤ አስኳሉ ግን በበሩ ላይ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሥራ በካንሰር ሕዋሳት ላይ እንዳሳየው ላሚን ኤ በከፊል ሲቀንስ ሕዋሱ በጠባብ ቀዳዳ በተሻለ ፍጥነት ያልፋል፤ እጅግ ሲቀንስ ግን በሚደርስበት ጫና ይሞታል። በ2016 ሳይንስ ላይ ጎን ለጎን የወጡ ሁለት ጥናቶች ደግሞ በዚህ መሾለክ ወቅት የአስኳሉ ሽፋን እንደሚቀደድ፣ ዘረመሉ እንደሚጎዳ፣ ቀዳዳውም ተመልሶ እንደሚጠገን አስረድተዋል። ስለዚህ የላሚን ኤ ማነስ ለሥርጭት በር ሊከፍት፣ መብዛቱም ሕዋሱን ከጉዞው አደጋ ሊጠብቅ ይችላል። በሌሎች ካንሰሮች የተገኘው ማስረጃም እንዲሁ የተከፈለ ነው፤ በጨጓራና በጡት ካንሰር የላሚን ኤ ማነስ ከመጥፎ ውጤት ጋር ሲያያዝ፣ በፕሮስቴትና በትልቁ አንጀት ካንሰር ከመጥፎ ውጤት ጋር የተያያዘው መብዛቱ ነው።

ታዲያ በዚህ መስክ የተለመደው የእንቅስቃሴ ፈተና ይህን ይጠይቃልን? በጠፍጣፋ ሰሃን ላይ የተነጠፉ ሕዋሳት በመርፌ ጫፍ ይጫራሉ፣ ጭረቱ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይለካል። በዚህ ፈተና ሕዋሱ የሚያልፍበት ጠባብ በር የለም። ከዚህም በላይ ጭረቱ የሚዘጋው በመንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን በመራባትም ጭምር ስለሆነ፣ እድገቱ የዘገየ ሕዋስ እንቅስቃሴውም የዘገየ መስሎ ይታያል። ባለ 8 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለው የማጣሪያ ፈተና የተሻለ ቢሆንም፣ ገበሩ በእውነት የሚፈተነው ቀዳዳው ከዚያ በእጅጉ ሲጠብ ነው። ስለዚህ በመራባት ላይ የተገኘው ውጤት በመንቀሳቀስ ላይ ከተገኘው ይልቅ ይታመናል ማለት ይቻላል።

ነገሩ ከቃል ክርክር አልፎ ሕሙማንን የሚነካው ሕክምና ሲታሰብ ነው። ላሚን ኤ ኦንኮጂን ከሆነ ይታፈን የሚል ሐሳብ መከተሉ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአይጥ ጥናት ግን ጂኑ ከጉበት ሕዋሳት ብቻ ሲወገድ በተለይ ወንዶቹ አይጦች ከብግነት ጋር የሚሄድ የጉበት ስብ እንደያዛቸው አሳይቷል። ከላይ የተጠቀሱት የደኒጋን ሕሙማንም ወደዚሁ ይጠቁማሉ፤ ጤናማ ላሚን ኤ የጎደለው ጉበት ስብ ያከማቻል። የስብ ጉበት ከብግነትና ከጠባሳ ጋር ሲደመር ደግሞ ራሱ የጉበት ካንሰር መንገድ መሆኑ የታወቀ ነው። የጉበት ካንሰር ሕመምተኛ የሚሞተው በዕጢው ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ጉበት ሥራውን ሲያቆምም ይሞታል። ዕጢውን የሚያዘገይ ነገር ግን የቀረውን ጉበት የሚያሳምም መድኃኒት ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ይፈይዳል? ኦንኮጂን የሚለው ቃል ይህን ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት ይዘጋዋል፤ የስያሜው ዋና ጉዳትም ይኸው ነው።

ከላሚን ቤተሰብ ለክሊኒክ ሥራ ቀረብ ብሎ የታየው ሌላው ወንድም ላሚን ቢ1 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በደም ፈሳሽ ውስጥ የላሚን ቢ1ን መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. በመለካት ገና በጅምር ላይ ያለን የጉበት ካንሰር በ76 በመቶ ሕመሙን የመለየት አቅምና በ82 በመቶ ጤነኛውን ነጻ የማለት አቅም እንደለየ ገልጿል። ቁጥሮቹ ሲሰሙ ያማልላሉ። ሆኖም ሲሮሲስ ያለባቸው 1000 ሰዎች ተመርምረው ከመካከላቸው 30ዎቹ ካንሰር አለባቸው ብለን እናስብ። ምርመራው ከ30ዎቹ 23ቱን ያገኛል፣ 7ቱን ያመልጣል። ከቀሩት 970 ሰዎች ደግሞ ወደ 175 የሚሆኑትን ካንሰር ሳይኖራቸው አለባቸው ይላል። አለባቸው ከተባሉት 198 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት ከ9 አንድ ገደማ ናቸው። የሲቲ ስካን ምርመራ በሩቅ ከተማና በውድ ዋጋ በሚገኝበት ሥፍራ 175 ሰዎችን በከንቱ ማስጨነቅና ማንከራተት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ላሚን ቢ1ን ከአልትራሳውንድና ከአልፋ ፌቶፕሮቲን ጋር አጣምሮ መመርመር የተሻለ ውጤት ይሰጥ እንደሆነ ሊፈተን ይገባዋል እንጂ ብቻውን ለልየታ አይበቃም።

የመጨረሻው ነጥብ የተመረመረው ዕጢ የማን ነው የሚለው ነው። የ2017ቱ ሰፊ የዘረመል ክምችት በአብዛኛው ከነጮችና ከእስያውያን የተሰበሰበ ሲሆን የጥቁሮች ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነው። በጅምላ የሚወርዱ የጂን መጠን ሰንጠረዦችም ሆኑ ከእነርሱ የሚሳሉ የሕልውና ግራፎች ከዚሁ ምንጭ ይቀዳሉ። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የጉበት ካንሰር በወጣትነት የሚይዘው ሰው ብዙ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስና በተበላሸ እህል የሚመጣው አፍላቶክሲንም ተደራርበው ይገኛሉ። አፍላቶክሲን በፒ53 ጂን 249ኛ ኮዶን ላይ የሚተወው ልዩ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1991 ከደቡባዊ አፍሪካና ከቻይና በተወሰዱ ዕጢዎች ላይ መታየቱ ይታወሳል። በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶችን አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትንተና የሄፓታይተስ ቢ ሥርጭትን 7.4 በመቶ አድርጎ ገምቷል። ፒ53ቸው በዚህ መልክ በተበላሸ ዕጢዎች ውስጥ የአስኳሉ ገበር የሚኖረው ሚና ከሌሎቹ ጋር አንድ ይሁን የተለየ በሌላ ክፍለ ዓለም ክምችት ሊመለስ አይችልም።

ይህን ለመጀመር ደግሞ ክሪስፐር አያስፈልግም። የላሚን ኤ ፀረ እንግዳ አካል በተለመደው የኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ቀለም አቀባብ በፓራፊን በታሸገ ሥጋ ላይ ይሠራል። በቀዶ ሕክምና የወጡ ወይም በወፍራም መርፌ የተወሰዱ የጉበት ናሙናዎች በፓቶሎጂ ክፍሎች መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። በእነዚህ ላይ ቀለሙ የያዘው የካንሰሩ ሕዋስ ይሁን በመካከሉ ያለው ጠባሳ ሠሪ፣ በዕጢው ጠርዝና ወደ ደም ሥር በገባው ክፍል ላይ ይብዛ ወይም ይነስ፣ በዚያው ሕመምተኛ ካንሰር ባልያዘው ጉበት ላይ ከሚታየው ጋር ምን ያህል ይለያይ በዓይን ማየት ይቻላል። የክሮሞሶም 1 ረጅም ክንድ መባዛት በፊሽ ዘዴ ሲጨመርበት፣ የ2020ው ጽሑፍ ሳይመልሰው ያለፈው የመጀመሪያ ጥያቄ በእነዚያው ቁራጮች ላይ ሊፈተሽ ይችላል።